ለሚስባህ የቀረቡ አሥራ አንድ ጥያቄዎች

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ

ለወንድሜ ልጅ፣

አሰላሙ አለይኩም። ሥራው እንዴት ነው? ያ የሚጠዘጥዝሽ ጥርስ ተነቀለ ወይስ አብሮሽ ሊያረጅ ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

«አጎቴ፣ ሊያገባኝ ስለጠየቀው ስለ ሚስባህ እስከ ሐሙስ ቃልዎን ይስጡኝ» ብለሽ ልከሽብኛል። አባትሽ በሕይወት ስለሌለ በኒካሁ፣ በጋብቻው ውል ላይ «ሰጥቻለሁ» የምለው እኔ ነኝ። እንግዲህ አፉ በይኝና አንድ ጥፋት ልንገርሽ፦ ቅዳሜ ከሚስባህ ጋር ኮምቦልቻ ጁስ ቤት ስትቀመጡ፣ ከጀርባሽ ፎጣ ተከናንቦ የነበረው ሽማግሌ እኔ ነበርኩ።

አሥራ አንድ ጥያቄ ስትጠይቂው ቆጠርኩ። በልጅነትህ በጣም ያስለቀሰህ ቀን የቱ ነው? ከባሕርና ከተራራ የቱን ትመርጣለህ? ኮምቦልቻ ተቀምጦ ባሕር! ሁሉንም ከስልክሽ ላይ ነው የምታነቢው። አንቺና ጓደኛሽ ኢስራ ከቴሌግራም እንደምትቀዱት አውቃለሁ፤ ትምህርት ቤት ቢሆን ኩረጃ ይባላል። ወንድን በጥያቄ ማቅረብ እንዲህ ነው? መታወቂያ የሚያወጣው የቀበሌ ጸሐፊ እንኳ ቀና ብሎ ፊት ያያል።

ሰውየውማ ስለ ራሱ ሲጠየቅ እንዴት ደስ ይለዋል! ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ሴራሚክ ሱቁ፣ ስለ ደግነቱ፤ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል። ጥያቄሽ ሲያልቅ እንኳ ቀጣዩን ነበር የሚጠብቀው። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ አንቺን አንድም ነገር አልጠየቀሽም። ለሁለታችሁም አቮካዶ ያዘዘው እሱ ነው። አቮካዶ እንደማይስማማሽ ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቃለሁ። አንቺ ግን ሁለቴ ተጎንጭተሽ ይጣፍጣል አልሽው። እሱን በልቤ ናቅኩት። አንቺንም ትንሽ ናቅኩሽ።

እንዲህ ያለውን ሰው ከየት እንደማውቀው ልንገርሽ። በወጣትነቴ ሐርቡ ውስጥ ጣይባ የምትባል ልጅ ነበረች። እሷ ከስልክ አታነብም፤ የምትጠይቀኝ ፊቴን እያየች ነበር። ምን እንደሚያስፈራኝ ጠየቀችኝ። «የእናትሽ ዱላ» አልኳት፤ ሳቀች። ስትስቅ ያሸነፍኩ መሰለኝ። አንድ ቀን «አንተስ እኔን የምትጠይቀኝ የለም?» አለችኝ። «ስላንቺ የማላውቀው ምን አለ?» ብዬ ቀለድኩ። ያን ቀን አልሳቀችም። በዓመቱ ደጋን ከተማ ለሌላ ሰው ተዳረች። የትኛውን ፍራፍሬ እንደምትወድ ዛሬም አላውቅም።

ቃሌ ይህ ነው። ሐሙስ ሚስባህ ሰኞ ገበያ ቤቴ ድረስ ይምጣ። ስለ ሱቁ አልጠይቀውም። ምን ዓይነት ጁስ እንደምትወጂ ብቻ እጠይቀዋለሁ። ትክክሉን ከመለሰልኝ ለኒካሁ ከሁሉም ቀድሜ እደርሳለሁ፤ ካልመለሰ «ሰጥቻለሁ» ከኔ አፍ አይወጣም። አስቀድመሽ እንዳትነግሪው። ከጠየቀሽ ግን ንገሪው።

አላህ ከሚጠይቅሽ ሰው ጋር ያኑርሽ፤ ጥርስሽንም ያሽርልሽ።

ሚኒባሱ ደጋን ላይ በቆመ ቁጥር ወርዶ ብቻውን ጁስ የሚጠጣው
አጎትሽ