በእኔ ስም የወጣው ስልክ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ አባባ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ከስልክ ምሰሶ ወድቀው የተሰበረው ትከሻዎ ብርድ ሲመጣ ይነሳብዎታል ወይስ ዘንድሮ ማረዎት? እማዬስ ዓይኗ እንዴት ሆነ? ደጃፍ ላይ የቆመውን ሰው ትለያለች ወይስ አሁንም በድምፁ ነው የምታውቀው? እኔ ለጤናዬ ደኅና ነኝ፣ ከናፍቆታችሁና አሁን ከምነግርዎ ጉድ በቀር።

ስልክ ድርጅት የምትሠራ ልጅዎ በወረቀት ስትጽፍልዎ ሳይገርምዎ አይቀርም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልክዎ ዝም ያለው ተበላሽቶ አይደለም። እርስዎን አውቅዎታለሁ፣ ፈታተው ባትሪውን ፀሐይ ላይ ሳያሰጡት አልቀሩም። ስልኩ ምንም አልሆነም አባባ። ያስዘጋሁብዎ እኔ ነኝ።

ባለፈው ስመጣ አዲሱን ሲም ካርድ ላወጣልዎ የአሻራ መሣሪያውን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ ትዝ ይልዎታል? አሥሩንም ጣትዎን አንድ በአንድ አስነካነው፣ አንዱም አልተነበበም። ሠላሳ ዓመት የስልክ ሽቦ ሲጎትት የኖረ ጣት አሻራው አልቋል። እርስዎም ሳቁና «ይሄ ዕቃ እኔን ባያውቀኝ እኔ አያቱን አውቃለሁ» አሉ። መነጽርዎን ፍለጋ ጓዳ ሲገቡ የራሴን አውራ ጣት አስነካሁት። ተመልሰው «በስሜ ሆነ?» ሲሉኝ «አዎ» አልኩ። አፌ ቁርጥ ይበል፣ ዋሸሁዎ። ስልኩ በእኔ ስም ነው። የጎረቤቶቻችንም እንደዚያው፤ መታወቂያቸውን ከየቤታቸው እስኪያመጡ መጠበቅ ሰልችቶኝ ሁሉንም በእኔ ስም አወጣሁት። አሁን ሰፈሩ በሙሉ ዝም ያለው በእኔ ጣት ነው።

ለምን ይሉኝ ይሆናል። በእርስዎ ዘመን ድርጅቱ አንድ ነበር፣ ሰው ስልክ ለማስገባት ዓመት ሙሉ ይለምናችሁ ነበር። ዛሬ ድርጅቱ ሁለት ሆኗል፣ ለማኞቹም እኛ ነን። አደባባዩ ዳር የእኛ የአዲሶቹ ብርቱካናማ ጃንጥላ አለ፣ ፊት ለፊታችን የነባሩ ድርጅት ሰማያዊ ጃንጥላ። እነሱ ድምፅ ማጉያ ሲያመጡ እኛ ሁለት አመጣን። እነሱ የሳምንት ነፃ ጥሪ ሲሰጡ እኛ የወር ሰጠን። መጀመሪያ ሰዉ ተሰለፈልን፣ ኋላ ግን ሲም ያልገዛ ሰው ጠፋ። መንገደኛው የእኛን ነፃ ጥሪ ጨርሶ ሲሙን ይጥልና ከእነሱ ይወስዳል፣ የእነሱን ሲጨርስ ወደ እኛ ይመለሳል። ያው አንድ ሰው እዚህም እዚያም አዲስ ደንበኛ እየተባለ ይቆጠራል። እኛ የምንሞላው ኮታ ግን በየወሩ ይጨምራል።

አስተባባሪያችንን «ኔትወርክ» ብለን ነው የምንጠራው፣ ሲፈለግ ስለሚጠፋ። እሱ ነው «ለጊዜው በየስማችሁ አውጡ፣ ኋላ ለገዢው ታዛውሩታላችሁ» ያለን። ለአንድ ሰው ከአምስት በላይ አይፈቀድም፤ እሱ ግን የራሱን የይለፍ ቃል እያስገባ ይከፍትልን ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ስም ማዛወሩ ዛሬ ነገ ሲባል አርባ አንድ መስመር በስሜ ተጠራቀመ። ድርጅቱ ይህን ያህል ሚሊዮን ደንበኛ አፈራን ብሎ ትልቅ ሰሌዳ ሲሰቅል፣ አርባ አንዱ እኮ እኔ ነኝ ብዬ ከባልደረባዬ ጋር ስቀናል። አሁን አያስቀኝም።

ከአርባ አንዱ በአንደኛው አንድ የማላውቀው ሰው «ሽልማት ደርሶዎታል» እያለ ሰው አታለለበት። መልኩን እንኳ አላስታውስም፣ በጃንጥላችን ሥር ካለፉት አንዱ ነው። መርማሪዎቹ መዝገቡን ሲያዩ ስሙ የእኔ ሆነ። በስሜ ያለው መስመር በሙሉ ተዘጋ፣ መታወቂያዬንና ስልኬንም ለማስረጃ ያዙት። ያለ መታወቂያ ሲም የሚሸጥልኝ የለም፣ አውቶቡስም አያሳፍረኝም። ወደ እናንተ ልምጣ ብል አልችል፣ ሥራውን ልተው ብል ጥፋተኛ ስለሆነች ሸሸች ይላሉ። ስለዚህ በየቀኑ እዚያው ቆሜ ለሰው ስልክ እሸጣለሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው። ሰው ሁሉ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ እየሳቀ ሲያልፍ እያየሁ ለቀጣዩ እሸጣለሁ።

ባለፈው ሰኞ ኔትወርክ ከጠፋበት ተገኘ፣ ወረቀት ይዞ። ወረቀቱ «መስመሮቹን ያወጣሁት በራሴ ፈቃድ፣ ማንም ሳያዘኝ ነው» ይላል። ከፈረምኩ ወንጀል ያልተሠራባቸው መስመሮች ለያዡ ሰው ስሙ እንዲዛወር በሦስት ቀን ይከፈታሉ፣ የእርስዎም የጎረቤቶቹም። እኔ ግን ከሥራ እባረራለሁ፣ ከሁለቱም ድርጅት ስልክ የማይሸጥላት ተብዬ እመዘገባለሁ፣ ክሱም የእኔ የብቻዬ ይሆናል። የእሱን የይለፍ ቃል የሚያነሳ አይኖርም። ካልፈረምኩ ደግሞ ምርመራው እስኪያልቅ ሁሉም እንደተዘጋ ይቆያል፣ መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም። አልፈርምም ብዬው ነበር። ስም ከመቃብር በላይ ነው እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ አይደሉም?

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ የእማዬ ዓይን ትዝ አለኝ። የቀዶ ጥገናው ተራ ሲደርስ ሆስፒታሉ የሚደውለው በዚያው ቁጥር ነው፣ ተራውም ከዚህ ወር አያልፍም ተብለናል። ደውለው ካጡን ለሚቀጥለው ሰው ይሰጡታል። እሷ ሁለት ዓመት ጠብቃለች። በባልደረባዬ ስልክ ሆስፒታሉ ደውዬ ሌላ ቁጥር ያዙልኝ ብላቸው «የሕክምና ካርዱን የያዘ ሰው በአካል ካልመጣ አንቀይርም» አሉኝ። ሌላ ዘመድ ጋ ደውዬ መልእክት እንዳልልክልዎ የማንንም ቁጥር በቃሌ አላውቅም፣ ሁሉም ያለው በተያዘው ስልኬ ውስጥ ነው። የፖስታ ቤቷ ሴት ደግሞ ደብዳቤው እናንተ ጋ ለመድረስ ሁለት ሳምንት ይፈጃል አለችኝ፤ ሆስፒታሉ ከዚያ በፊት ሊደውል ይችላል። ከሁለት ያጣ ሆንኩ አባባ። እናም ይህን ፖስታ አስገብቼ ስወጣ በቀጥታ ሄጄ እፈርማለሁ። እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። ፈርቻለሁም፣ ያንን አልደብቅዎትም።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ስለ ፊርማው ግን ዓይኗ እስኪድን አይንገሯት፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ ማልቀስ ክልክል ነው ይላሉ። ወንድም ጋሼ በየቤቱ ዞሮ ጎረቤቶቹን ይቅርታ ይለምንልኝ። ባለቤቱን እንደምን ሰነበትሽ ይበሉልኝ፣ ቀበጧ ልጃቸው ጥርሷ በቀለ? አክስቴን በጆሮዋ ጮክ ብለው ሰላም ይበሉልኝ፣ ቀስ ካሉማ አትሰማም።

ይህ ሲደርስዎ ስልኩ ተከፍቶ ይሆናል። ሲጮኽ ግን እኔ እመስልዎና ደስ እንዳይልዎ፤ እኔ ከእንግዲህ የምደውልበት የለኝም። ሆስፒታሉ ነውና በመጀመሪያው ጥሪ ያንሱት።

ልጅዎ

ከተከራየኋት ክፍል
ኅዳር 9 ቀን