ለሊያ የተላኩ ሽማግሌዎች

እሑድ፣ ጥቅምት 9፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ ሰናይት፣ ልጇ ሊያ ሴት እንደምትወድ ስለነገረቻት፣ "እቀይራታለሁ" ከሚል ቴራፒስት ጋር አፖይንትመንት ይዛላት ነበር። ብለምናት፣ ብለምናት እምቢ አለች። ዛሬ ሽማግሌ ላክሁባት። ጋሽ ታደሰና ጋሽ ከበደ ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ለበሱ፤ ስፕሪንግፊልድ እሷ ቤት ይዣቸው ሄድኩ።

ሰናይት በሩን ከፍታ ስታያቸው ክው አለች። "ልጄ እኮ ገና ሃይስኩል ናት!"

ከኋላ ቆሜ ሳቄን ዋጥኩ።

ጋሽ ታደሰ፣ "ስጪን ልንል አልመጣንም። ለዚያ ሰውዬ አትስጪብን ልንል ነው። ጤነኛ ልጅ ምኗን ነው የሚያክማት? እሺ ካላልሽ አንቀመጥም" አሉ።

ሰናይት ስልኳን አውጥታ አፖይንትመንቱን ካንስል አደረገች።

ሊያ ከፎቅ ብቅ አለች። "ማሚ፣ ማነው የሚያገባው?"

"ማንም። ነይ፣ ወንበር አምጪላቸው።"