ማሾ በጤዛ ይለቀማል

ውድ ጋሼ ይልማ፣

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ዓመት በጥቅምቱ የመስክ ጉብኝት ቀን፣ እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ነው። ጀውሃ፣ በገበሬው በአሚን ማሳ ዳር እንግዶቹ ከበው ቆመዋል። ደብተሬን ገልጬ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣሁ። እርስዎ ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ «ሰርክዬ፣ ኮፍያው ለሁሉም አልደረሰም፤ አንቺ እሱን አዳርሺ» አሉኝ።

ደብተሬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ኮፍያ አደልኩ። ሁለት ክረምት የደከምኩበትን ሥራ «እኔ ባደረግሁት ክትትል» እያሉ ሲያስረዱ ከኋላዬ ይሰማኛል። ከእንግዶቹ አንዱ ኮፍያው ጠበበኝ ብሎ መለሰልኝ። ሌላ ቀየርኩለት።

ይህን የምጽፍልዎ ልወቅስዎ ብቻ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሸዋ ሮቢት በግብርና ባለሙያነት ስመደብ ሙቀቱ በየቀኑ ያነስረኝ ነበር። «ቆላ የሚለመደው በማለዳ ነው» ብለው ከፀሐይ በፊት ማሳ ላይ መገኘትን ያስለመዱኝ አለቃዬ እርስዎ ነዎት። ገበሬን ከማስተማርሽ በፊት ጠይቂው ይሉኝ ነበር። የምትመኚውን ሳይሆን ያየሽውን ጻፊ፤ ስትሳሳቺም ገጹን አትቅደጂ፣ ስሕተቱ እንዲነበብ በአንድ መስመር ሰርዢው ይሉኝ ነበር። ከአራት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ይልቅ ሰው ያደረገኝ ይህ ነው።

ጠይቂ ስላሉኝም የአሚንን ሚስት ሂዳያን ጠየቅኋት። የጎረቤቶቿ ማሾ ሲለቀም ዛላው እየፈነዳ ግማሹ ፍሬ መሬት ላይ ይቀራል፤ የእሷ አይረግፍም። ምን ብታደርጊው ነው ስላት ሳቀችብኝ። «ማሾ ፀሐይ ሲነካው ይቆጣል፣ ልጄ። ጤዛው ሳይደርቅ ነው የሚለቀም። እናቴ ናት ያስተማረችኝ፤ ወላሂ ከመንግሥት አልሰማሁትም።» እኔ ያደረግሁት ነገር ቢኖር ማሳውን ለሁለት ከፍዬ፣ ግማሹን በማለዳ ግማሹን በቀትር እያስለቀምኩ፣ ሁለት ክረምት መመዘን ነው።

የመስክ ቀኑ ዕለት እንግዶቹ ሲሄዱ ሂዳያ ወደ እኔ መጥታ፣ «ያ ሰውዬ እናቴን ከየት አወቃት?» አለችኝ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ግን የራሴን ሪፖርት ሳነብ ሳቁ ጠፋ። «ከአካባቢው አርሶ አደሮች በተገኘ መረጃ» ይላል። የሂዳያ ስም የለም። እርስዎ እኔን ከመሰረዝዎ በፊት እኔ እሷን ሰርዤያት ነበር፤ ያውም ሳላስበው፣ ሪፖርት የሚጻፈው እንደዚያ ስለሆነ ብቻ። አረፍተ ነገሩን በአንድ መስመር ሰርዤ ስሟን ከነእናቷ ስም ጻፍኩ።

እርስዎ ግን በዚያ ሥራ ዕድገት አግኝተው ደብረ ብርሃን ገቡ። እኔ ዓመቱን ሙሉ ከእርስዎ ጋር በሐሳቤ ስከራከር ከረምኩ። ካራቆሬ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ፣ ምሳ እየበላሁ፣ መንገድ ላይ፣ ሁልጊዜ መልስ ስሰጥዎ ነበር። ከዚያ ባለፈው ሳምንት ለጥናት ኮሚቴው የሚቀርብ፣ እኔ የምፈርምበት ወረቀት በሾፌር ላኩልኝ። የጥናቱ ባለቤት እርስዎ፣ እኔ «መረጃ በመሰብሰብ የረዳች»። ቀጥለው ደወሉና፣ ከፈረምኩ ለሁለተኛ ዲግሪ የድጋፍ ደብዳቤ እንደሚጽፉልኝ፣ ካልፈረምኩ እንደማይጽፉልኝ ነገሩኝ። «በሰው ፊት አታዋርጂኝ» አሉ። «ትሕትና ነው የሴት ልጅ ጌጧ።»

እናቴ ፈርመሽ ተማሪ አለችኝ። ወረቀቱን ሦስት ቀን በቦርሳዬ ይዤ ዞርኩ። አልዋሽዎትም፣ ብዕሬንም አንሥቼ ነበር።

በአራተኛው ቀን ማክሰኞ፣ እንደ ልማዴ ማለዳ ጀውሃ ደረስኩ። ከሂዳያ ጋር ጎን ለጎን ስንለቅም፣ ቀሚሳችን እስከ ጉልበቱ በጤዛ ርሶ፣ ስለ ልጇ ሠርግ ስታወራኝ፣ ፀሐይ ወጣች። ያኔ ነው የገባኝ። ከተነሣሁበት ሰዓት ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩዎትም። ማልዶ መነሣቱም፣ መጠየቁም፣ ያዩትን መጻፉም እኔ ጋ አለ። እነዚህን ስለሰጡኝ ነው እርስዎን መተው የከበደኝ፤ ለካ እርስዎን ትቼ እነሱን መያዝ እችላለሁ። እርስዎ ምናልባት ከእነሱ ጋር ከተለያዩ ቆይተዋል።

ቢሮ ስመለስ ወረቀቱን ሳልፈርም ከደብተሬ ቅጂ ጋር አያይዤ ለኮሚቴው ሰጠሁ። የሂዳያ ስም ከላይ ነው፤ የእኔ ከሥሩ። የእርስዎም አለ፣ አሠራሩን ያስተማሩኝ ሰው ተብሎ፤ እሱ እውነት ነውና አልነፈግሁዎትም። የዘንድሮ የትምህርት ዕድል እንዳመለጠኝ በማግስቱ ተነገረኝ። አዘንኩ። ግን ያን ቀን ምሳዬን ከማንም ጋር ሳልከራከር በላሁ፤ ሽሮው ጨው እንደበዛበት እንኳ አስተዋልኩ። ከዓመት በኋላ የምግብ ጣዕም ሲመለስ ምን እንደሚመስል ልነግርዎ አልችልም።

ጋሼ፣ መንገድ ላይ ብንገናኝ ጎንበስ ብዬ ሰላም እልዎታለሁ። ታላቄ ነዎት። ትሕትናንም አልጣልኩም፤ ሂዳያ ዘንድ ቁጭ ብዬ የምማረው በትሕትና ነው። ዝም በዪ ለማለት ትሕትና ሲባል ግን ከእንግዲህ አልቀበልም፤ ከእርስዎም፣ ከእናቴም፣ ከማንም። የደከምኩበትን ሌላ ሰው ሲናገር ቆሜ አልሰማም። የሌላዋን ድካምም በእኔ ስም አልናገርም፤ ይህን ከራሴም አልቀበልም።

ሰርክአዲስ ሞገስ
ሸዋ ሮቢት