በአመድ የተወለወለ ቀለህ

ሐሙስ፣ ሜይ 1
ዝናብ። መንገድ ተዘግቶ የምነዳውን አውቶቡስ ዋይት ሲቲ በሚባለው ሰፈር በኩል አዞርኩት። አንዲት አሮጊት "ወዴት ነው የምትወስደን?" አለችኝ። እኔስ መች አወቅሁ...

ከሰዓት ሮማንወርቅ ደወለች። "የኪዳኔን የቀለህ ቆርቆሮ መጥተህ ውሰድልኝ፣ ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይባባል" አለች። ባሏ ከሞተ ዓመት ሊሆነው ነው። የተኩስ ክለባችን በዚህ ወር መጨረሻ የመታሰቢያ ውድድር አዘጋጅቶለታል። ዒላማ ተኩስ ያስተማረኝ እሱ። የተተኮሰ ቀለህ ሰብስቦ፣ ባሩዱንና እርሳሱን መልሶ ሞልቶ መተኮስንም ያስተማረኝ እሱ። በገዛ ቀለሆቹ ልተኩስለት። ሌላ ምን የምሰጠው አለኝ?

ቅዳሜ፣ ሜይ 3
ቆርቆሮውን አመጣሁ። የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ቀለሆቹ አርጅተው ጠቁረዋል፣ ግን ደህና ናቸው፤ ስንጥቅ የላቸውም። ኪዳኔ የተቃጠለውን መለኮሻ፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን ትንሽ ክዳን፣ ከጀርባቸው አውልቆ ነው ያስቀመጣቸው። የኩሽናው መስኮት ላይ አኖርኳቸው።

ስህተቴ ይሄ ነው። አማቴ እማማ አስካለማርያም ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ ኩሽናው የሳቸው ነው።
"ምንድን ነው ልጄ?"
"ለኪዳኔ ሙት ዓመት የሚተኮስ ነው፣ እማማ።"
"እሰይ! እዚህም አገር ለሞተ ሰው ይተኮሳል?"
"እንደ ጎንደሩ አይደለም፣ ዒላማ ነው..."
አልሰሙኝም። "እሰይ፣ እሰይ" እያሉ ሄዱ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 6
በሩን ስከፍት ሎሚ ሸተተኝ። ዓሣ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ምን ዓሣ! የኪዳኔ ቀለሆች ትሪ ላይ ተደርድረው እንደ ሙሽራ ጌጥ ያብረቀርቃሉ።
"በሎሚና በአመድ ነው" አሉ እማማ። "የቤተ ክርስቲያኑን ጽና የማጸዳው በዚሁ ነው። አመዱንም ከዚያው ነው ያመጣሁት፣ የተባረከ ነው።"
"ውስጡንም ነው ያጸዱት?"
"ውስጡንማ! ጣቴ አልገባ ቢለኝ በክብሪት እንጨት ጠቀጠቅሁት።"
ጠቀጠቅሁት!
"እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ" አልኩ። ምን ልበል ታዲያ? አማቴ ናቸው።

ረቡዕ፣ ሜይ 7
አንዱን አንስቼ ነቀነቅሁት። ምንም አይወጣም። አመዱ ከሎሚው ጋር ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ተለጥፏል። ከቀለሁ ግርጌ መርፌ የምታህል ቀዳዳ አለች፤ እሳቱ ወደ ባሩዱ የሚሻገረው በሷ ነው። እሷ ከተደፈነች ጥይቱ ወይ አይተኮስም፣ ወይ ዘግይቶ ይተኮሳል። ዘግይቶ ማለት... መሣሪያውን ከፍቼ ፊቴን ሳስጠጋ ማለት ነው። በዚያ ላይ ውስጥ የተጋገረው አመድ የባሩዱን ቦታ ይሻማል። ይሄን ለማን ልንገር?
ለራኬብ ነገርኳት። ሳቀች! ሚስቴ ሳቀች።
"ንገራታ!"
"እናትሽ ናቸው፣ አንቺ ንገሪያቸው።"
"ጥይቱ ያንተ ነው። ደግሞ ከምግብ ጠረጴዛዬ ላይ አንሳልኝ።"

ቅዳሜ፣ ሜይ 10
ኢንተርኔት ላይ ጠየቅሁ። የፖሊሽ ትራፊ ውስጡ የቀረ አሮጌ ቀለህ ቢሞላ ምን ይሆናል? አንዱ "ትንሽ አቧራ ምንም አይል፣ ሠላሳ ዓመት ተኩሻለሁ" አለ። ሌላው "ጣለው፣ ዓይንህ ይበልጣል" አለ። ሦስተኛው የተቆረጠ ጣት ፎቶ ለጠፈ። ማን ጠየቀው? የዕጣን አመድ ነው ስላቸው ጭራሽ ስለ ዕጣን መጨቃጨቅ ጀመሩ።

ተውኳቸው። እማማ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆልፌ ቀለሆቹን በሙቅ ውኃና በሳሙና ዘፈዘፍኩ፣ በስቴኪኒ ፈቀፈቅሁ። በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ! ሲመስለኝ ጸድተዋል። እንዲደርቁ መስኮቱ ላይ መለስኳቸው።

ማክሰኞ፣ ሜይ 13
"ደበዘዙብህ እኮ ልጄ። እርጥበት ሳይሆን አይቀርም። ደግሜ ወለወልኩልህ።"
በአዲስ አመድ!
"እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ።"

ረቡዕ፣ ሜይ 14
አውቶቡሱን ጋራዥ አስገብቼ፣ ሰው አለመኖሩን ቼክ አድርጌ ጮህኩ። ትንሽ ቀለለኝ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 17
ደግሜ አጥቤ ወደ ክለቡ ወሰድኳቸው። የተኩስ ሜዳው ኃላፊ ጃኔት አንዱን አንስታ በትንሽ ባትሪ ውስጡን አየች። አንገቱ ሥር፣ ከላይ በማይታየው በኩል፣ ግራጫ ቅርፊት ቀርቷል።
"እኔ ባለሁበት መስመር ላይ ይሄ አይተኮስም" አለች።
"የኪዳኔ ናቸው እኮ።"
"ኪዳኔ ቢያያቸው ምን ይል ነበር?"
ተናደድኩ። ምን እንደሚል ስለማውቅ ነው የተናደድኩት። አፍ አያስከፍተኝም ነበር፣ ቀጥታ ቅርጫት ውስጥ ነው። እሱ በዚህ ቀልድ አያውቅም።

ታዲያ በቃ? ሳምንት ቀርቶት በክለቡ ጥይት ልተኩስለት? ያንንማ ማንም ይተኩሳል።

እሑድ፣ ሜይ 18
ነገርኳቸው።
"እማማ፣ ውስጡ አመድ ስለቀረ መተኮስ አይቻልም። አደጋ አለው።"
ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ፣ "የመጀመሪያው ቀን ለምን አልነገርከኝም?"
"አፍሬዎት ነው።"
"እኔን አፍረህ ዓይንህን ልታጠፋ ነበር?"


ቁጭ አሉ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። "ለራኬብ አባት፣ ለኃይለመለኮት፣ አልተተኮሰለትም" አሉ። "ዘመኑ እንደዚያ ነበር። እንኳን መተኮስ፣ ጮኾ ማልቀስም ክልክል ነው አሉን። ያን የመሰለ ሰው እንደ ዋዛ ተቀበረ። ይሄኛውን ሳይ... ለሰው የሚተኮስ ነገር ቆሽሾ አይተኮስም ብዬ ነው።"
ራኬብ በር ላይ ቆማ ነበር። አልሳቀችም። ይሄን ከእናቷ አፍ ሰምታው አታውቅም።

እኔም ያን ሁሉ ቀን በሆዴ ስሳደብ የከረምኩት በዚህ ላይ ነበር። አዘንኩ። አሁንም ግን በክብሪት እንጨት መጠቅጠቃቸው ያናድደኛል። ሁለቱም አንድ ላይ ይሆናል እንዴ?
"አንድ እንኳ የሚተርፍ የለም?" አሉ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 20
ዛሬ በግልጽ፣ ኩሽና ውስጥ፣ ሦስታችንም። እኔ በሙቅ ውኃና በቀጭን ብሩሽ አጥባለሁ፣ ራኬብ ታደርቃለች፣ እማማ መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን ወደ መስኮቱ ያነጣጥራሉ። ቀዳዳዋ ከተከፈተች ብርሃን እንደ ኮከብ ትታያለች።
"የለውም።"
ሌላ።
"የለውም። ይሄም የለውም። ምን ዓይነት እጅ ነው ያለኝ!"
ብርሃን ያለውም ቢሆን ጎኑ ላይ ቅርፊት ካለ ወደ ቅርጫት። ቆርቆሮው ባዶ ሊሆን ሲል፣
"አለው!" አሉ። ተቀብዬ በባትሪ አየሁት። ግድግዳው ንጹሕ ነው። ራኬብም አየችው። ሌሎቹን ሁሉ ፈትሸን ስንጨርስ የተረፈው እሱ ብቻ ነው።
"አንድ ይበቃል" አሉ እማማ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 24
ጃኔት ትናንት የሞላሁት ቀለህ ገና ባዶ ሳለ ውስጡን በስልክ ያነሳሁትን ፎቶ አየች፣ ጥይቱንም አገላብጣ አየች። "አንድ። ቀሪውን በክለቡ ጥይት" አለች። ተስማማን።

እማማ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የጆሮ መከላከያውን ከነጠላቸው በላይ አጥልቀውታል፤ ፈረንጆቹ ሁሉ ሻይ ያመጡላቸዋል። ሮማንወርቅ አጠገባቸው ናት።

በደረቴ ተኛሁ፣ አነጣጠርኩ። ባይተኮስስ? እሳቸው እያዩ ቀጭ ብሎ ቢቀርስ?  ምላጩን ሳብኩት።
ተተኮሰ! ዒላማውን የት እንደመታሁ አላየሁም፣ ዓይኔ ውኃ ሞልቷል። ከኋላዬ የእማማን ድምፅ ሰማሁ። መከላከያው የገዛ ድምፃቸውን ስላፈነባቸው ጮኸው ስለተናገሩ ሜዳው ሁሉ ነው የሰማቸው።
"ለኪዳኔ!" አሉ።
ቀጥለው፣ በሹክሹክታ የተናገሩ መስሏቸው፣ "ላንተም፣ ኃይለመለኮት።"
ጃኔት ምን እንዳሉ አልገባትም። ግን ቀጣዩን ተኩስ አዘገየችው።

እሑድ፣ ሜይ 25
ጠዋት ስነሳ እማማ ቅዳሴ ሄደዋል። ኩሽናው ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ደነገጥኩ። ሮጬ ሄድኩ።
የሻይ ማንኪያዎቹ ናቸው፣ ሁሉም ተወልውለዋል። የበሩ እጀታም። የኔ የመኪና ቁልፍ ሳይቀር፣ የባትሪው ማደሪያ ውስጥ አመድ ገብቶበት መኪናውን አልከፍት ብሎኛል!
የትናንቱ ቀለህ መስኮቱ ላይ ብቻውን ቆሟል። አፉ በባሩድ ጠቁሯል። አልነኩትም።