ፊልሙ እስኪከፈት

ሰኞ

ሃያ ስድስት ሰከንድ። ዛሬ ዶክተር አስቴር አጠገብ ቆሜ አንድ የራጅ ፊልም እስኪከፈት ይህን ያህል ጠበቅኩ። እሳቸው የሚያዩት ስክሪኑን ሳይሆን እኔን ነበር።

«ነኢማ፣ ድሮ ከፖስታ አውጥቼ ወደ መስኮት አነሳው ነበር። ያ ይሻል ነበር» አሉኝ። እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ ወደ ድሮው ፕሮግራም እንመለሳለን ብለዋል።

ቤቴል ያለው ይህ ክሊኒክ ፊልሞቹን የሚያስቀምጥበትን ፋይል ሲስተም የሠራሁት እኔ ነኝ። ስምንት ወር ፈጅቶብኛል። እያንዳንዱን ፊልም ሁለት ዲስክ ላይ ይጽፋል፤ አንዱ ቢበላሽ ከሌላው ይጠግናል። ከከርነሉ፣ ማለትም ከኮምፒውተሩ እምብርት፣ ውጭ እንደ ተራ ፕሮግራም እንዲሠራ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። ቢወድቅ ብቻውን ይወድቃል እንጂ ማሽኑን ይዞ አይወድቅም። ቀርፋፋ ግን ነው። ስምንት ወር ለቀርፋፋ ነገር። እንቅልፍ ይወስደኝ ይሆን?

ማክሰኞ

ከኮልፌ ታክሲ ጠፍቶ ግማሽ ሰዓት ተሰለፍኩ። ሰልፉ ላይ የጥርጣሬ ዝርዝር ጻፍኩ፦ ዲስኩ፣ ኔትወርኩ፣ እኔ።

ከሰዓት በፊት ሁለቱን ሰረዝኩ። የቀረሁት እኔ ነኝ።

የራጅ ባለሙያው ጋሽ ሽፋ ምን እንዳገኘሁ ጠየቁኝ። ከርነሉ ፊልሙን ከፕሮግራሜ የሚቀዳው በጭልፋ በጭልፋ ነው፣ ለአንድ ፊልም ወደ ስምንት ሺህ ጊዜ ይመላለሳል አልኳቸው።

«ታዲያ ባልዲ ስጪው እንጂ» አሉኝ።

ሰጠሁት። አሁን በአንድ ጉዞ አንድ ሜጋባይት ይወስዳል። የፋይሉን ስምና መጠንም ደጋግሞ እንዳይጠይቀኝ መልሱን ለጥቂት ጊዜ እንዲያስታውስ ፈቀድኩለት። አራት ሰከንድ! ሦስቴ ለካሁት፣ ያው አራት።

ደስታው ናላዬን አዞረውና ሌላም ነገር ነካሁ። አዲስ ፊልም ሲገባ ገና ዲስክ ላይ ሳይጻፍ፣ ሜሞሪ ላይ ብቻ እንዳለ፣ ፕሮግራሜ «ተቀምጧል» ብሎ እንዲመልስ አደረግኩ። ማስገባቱም በረረ።

ረቡዕ

አራት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ዩፒኤስ ባትሪው አርጅቶ አንድ ደቂቃ እንኳ አልያዘም።

መብራቱ ሲመጣ ሁሉም ተነሳ። ጠዋት ራጅ የተነሱት የእማማ ዝናሽ የእጅ አንጓ ፊልም ግን የለም። የራጅ ማሽኑ «ተቀምጧል» የሚለውን መልሴን አምኖ የራሱን ቅጂ አጥፍቶታል። ዋሽቼዋለሁ።

እማማ ዝናሽ አስኮ ቤታቸው ደርሰው ነበር። ጋሽ ሽፋ ስልኩን አንስተው፣ «መብራት ነው ልበላቸው?» አሉኝ፤ ሊያድኑኝ። «ይምጡ ብቻ በሏቸው፣ እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

መጡ። ያበጠውን እጃቸውን በሌላው እጃቸው ደግፈው። ጥፋቱ የመብራቱ ሳይሆን የእኔ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ባትነግሪኝ አላውቅም ነበር» አሉ። ቀጥለው «በይ እንግዲህ፣ ሲያነሱኝ እጄን ቀስ አድርገው እንዲይዙት ንገሪያቸው።»

ለዶክተር አስቴርም ነገርኳቸው። «ቅዳሜ እንተያያለን» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ

ውሸቱን አወጣሁት። አሁን ሁለቱም ዲስኮች ጽፈው ሳይጨርሱ «ተቀምጧል» አይልም። የመክፈቻው ፍጥነት አልተነካም፣ ማስገባቱ ግን ወደ አሥራ አንድ ሰከንድ ወጣ። ሁለቱ ዲስኮች ተራ ከሚጠብቁ አብረው እንዲጽፉ ሳደርግ ሰባት ሆነ። ከዚህ በታች አልወርድ አለኝ። ራሴን ስሰድብ ዋልኩ።

አርብ

ከጁምዓ መልስ ጋሽ ሽፋ ትርፍ ኮምፒውተር አገኙልኝ። በየመሀሉ የመብራት ኬብሉን እንዲነቅሉልኝ ጠየቅኳቸው።

«መቼ?»

«አይንገሩኝ።»

ጀርባዬን ሰጥቼ የሙከራ ፊልሞች እያስገባሁ እሳቸው ደስ ባላቸው ሰዓት ይነቅላሉ። ሃያ ጊዜ። አሥራ ሰባተኛው ላይ አንድ ፊልም ግማሹ ብቻ ተገኘ። መዝገቡን ሳየው ግን ለዚያ ፊልም «ተቀምጧል» አላልንም። ላኪው ማሽን ቅጂውን አላጠፋም ነበር፣ እንደገና ላከው፣ ሙሉ ሆነ።

«ተቀምጧል» ያልነው ሁሉ አለ። በሃያውም ጊዜ።

ጋሽ ሽፋ «ልጄ፣ ክንዴ ዛለ» አሉ፤ ፊታቸው ግን ይስቅ ነበር።

ቅዳሜ

ዶክተር አስቴር ለመሞከሪያ የመረጡት ሳንባቸውን ሲታከሙ የከረሙ አንድ አባት ናቸው። አምስት ፊልም አላቸው። ዶክተሯ አንዱን ከፈቱ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ጎን ለጎን አደረጓቸውና «ይኸው፣ ይህቺ ጥላ እየሳሳች ነው» እያሉ በጣታቸው ያሳዩአቸው ጀመር። ሰውየው ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ ሳቡ። እኔ ክፍሉ ውስጥ መኖሬን ሁለቱም ረስተውታል።

ሰውየው ከወጡ በኋላ ነው ዶክተሯ ወደ እኔ ዞር ያሉት።

«ሲገባ ግን ለምንድነው የሚቆየው?»

«በትክክል እስኪጻፍ ስለሚጠብቅ ነው።»

«ይጠብቅ» አሉ። ወዲያው «የአልትራሳውንዱንስ መቼ ትጀምሪልናለሽ?»

የአልትራሳውንዱ የሚንቀሳቀስ ምስል ነው፣ ከፊልም በብዙ እጥፍ ይከብዳል። ፕሮግራሜ ይችለው እንደሆነ አላውቅም፤ እንዲያውም የሚችል አይመስለኝም። ሞክሬ እነግርዎታለሁ አልኳቸው።

ቁርስ ሳልበላ ነበር የወጣሁት። አየር ጤና ወርጄ ፉል በልቻለሁ፤ ይህንን የምጽፈውም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው።