ጠላ የተጠመቀላቸው ሰዎች

ወረታ፣ መስከረም 8

ለዱሮው ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ክረምት በገባ ቁጥር የሚያስቸግርህ ሳል ዘንድሮስ ተወህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ብቻ መቀመጥ አቅቶኛል። ይቺን ደብዳቤ ስጀምር እንኳ ተነሥቼ አስፋልቱ ዳር ሄጄ ነው የተመለስኩት። ወደ ጎንደር የሚወጡትን የጭነት መኪኖች ቆሜ ሳይ፣ የባጃጅ ልጆቹ የምሳፈር እየመሰላቸው ይጠሩኛል።

«ከመስቀል በኋላ አዲስ አበባ ነይ፣ መሥሪያ ቤታችን አጠገቤ ወንበር ይዤልሻለሁ» ብለህ ከጻፍክልኝ ወዲህ ነው እንዲህ የሆንኩት። ልምጣ ስል ፎገራ ይይዘኛል፤ ልቅር ስል አንተ። ከሥሯ የጨመርካት ነገር ግን አናዳኛለች። በነፃ ኮምፓይለር የቁም ነገር ሥራ አይሠራም፣ ያ ለተማሪ ነው ያልከው። የእናንተ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ፈቃድ ይገዛል፤ ይግዛ። የገበሬዎች ማኅበሩን የሩዝ መጋዘን እርጥበትና ሙቀት እየለካ «አናፍሱ» የሚለውን ፕሮግራም እኔ የሠራሁት በነፃው ነው። አምና ሻግቶ የተጣለውን ሩዝ ብታይ አትቀልድም ነበር።

ያንተ ዓይነት ወሬ እዚህም ደርሶ ኖሮ የማኅበሩ ኮሚቴ ጠራኝ። ሊቀመንበሩ አቶ አድማሴ፣ እኔ የምጽፈውን ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚለውጠውን ኮምፓይለር የሚሉትን ነገር ማን እንደሠራው፣ ያለ ዋጋስ ለምን እንደሰጡን ጠየቁ። በየአገሩ ያሉ ሰዎች በደቦ ሠርተውት ነው አልኳቸው። አምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለአምሳ ሰው ጌጡ ብዬም ተረትኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔም ገባቸው ብዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ለካ ከሚገባው በላይ ገብቷቸዋል። እሑድ ቤታቸው ተጠርቼ ብሄድ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ሐና ጠላ ጠምቀው፣ በግ አሳርደው፣ ከየጎረቤቱ አግዳሚ ወንበር አስመጥተው ጠበቁኝ። ደቦ የወጣ ሰው ሳይበላ አይሸኝማ። ደቦ የወጡት እንግዶች ሐሙሲት ከተማን አልፈው እንደሆነ ጠየቁኝ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ዕንባዬ ቀደመው። ማንም እንደማይመጣ፣ እኔም ፊታቸውን አይቼ እንደማላውቅ ነገርኳቸው። ያን ጊዜ አቶ አድማሴ፣

«ልጄ፣ የማይመጡ ከሆነማ ደቦ አይደለም፤ ወንፈል ነው። ወንፈል ደሞ ይመለሳል። አንችስ መቼ ነው የምትወጭላቸው?» አሉኝ።

 ይህን ሁሉ ዘመን በሰው ጉልበት ሳርስ አንድ ቀን ወጥቼላቸው አላውቅም። በጉን ግን በላሁ፤ ጠላውንም ጎረቤቱ ጠጣው።

በማግሥቱ ፕሮግራሙን መጋዘን ባለችው አሮጌ ኮምፒውተር ብሞክረው ሙቀቱን አሳስቶ ይናገራል። የራሴን ጽሑፍ ብፈትሽ፣ ብፈትሽ ነውር የለበትም፤ ጥፋቱ የኮምፓይለሩ ነው። አሁን «አላልኩሽም?» ትላለህ፤ በል። የእናንተ ቢበላሽ ግን አቤት ብላችሁ ደጅ ትጠናላችሁ። ይሄኛው አሠራሩ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ራሴ ገብቼ አገኘሁት። ለራሴ ሥራ በዘዴ አልፌው መሄድ እችል ነበር፤ የሽማግሌው ጥያቄ ግን አላስቀምጥ አለኝ። አርሜ ለሠሪዎቹ ላክሁላቸው። የማላውቀው ሰው እየነቀፈ መለሰብኝ፣ እንደገና ላክሁ፣ እንደገና መለሰብኝ፤ ትናንት ተቀበሉት። ያረምሽውን ክፍል የሚጠብቅ ሰው የለንምና ያዥልን ብለውኛል። ኮሚቴውም ፕሮግራሙን ፈቅዷል፤ አዲሱ ሩዝ ኅዳር ላይ ይገባል።

እውነቱን ልንገርህ፤ ይህ ሁሉ ከመምጣት አያግደኝም ነበር። ወንፈሉን አዲስ አበባ ተቀምጬም እወጣዋለሁ፤ መጋዘኑንም ቢሆን ለሌላ ሰው አስተምሬ አስረክባለሁ። ደብዳቤህን ደጋግሜ ያነበብኩት ለዚህ ነው። ስለ ደመወዙ አለ፣ ስለ መኪና አበሉ አለ፣ ስለ ሕንፃው አሳንሰር ሳይቀር አለ። ስለ እኔና ስለ አንተ የሚለውን መስመር በመስመር ፈለግሁ፤ ወረቀቱንም ገልብጬ ጀርባውን አየሁት።

ወንበሩን ለሌላ ሰው ስጠው። እግዚአብሔር ሥራህን ይባርክልህ፣ ቤትህን በሰላም ይሙላልህ፤ አጠገብህ የሚቀመጠውንም ሰው ደግ ያድርግልህ።

የዱሮ ወዳጅህ