እሺ ብዬ የሰጠኋት ፒቸር

ሰኞ

ዛሬም እሺ አልኩ። ምላሴን ነው መቁረጥ።

ልምምድ ጨርሰን የኳሱን ከረጢት ወደ መኪናዬ ስጎትት ጋሽ በላቸው አጥሩን ተደግፈው ይጠብቁኛል። እሳቸው የብርቱካናማ ለባሾቹ ቡድን አሠልጣኝ ናቸው፣ እኔ የአረንጓዴዎቹ። ኢስት ዮርክ ውስጥ ያለች የልጆች ቤዝቦል ሊግ ናት፤ ትንሽ ብትሆንም ደንብ አላት። እስከ ዓርብ ማታ ሁለት አሠልጣኞች ከተስማሙ ልጅ በልጅ መለዋወጥ፣ ትሬድ የሚሉት፣ ይቻላል። ፒቸርሽን መክሊትን ስጪኝና የእኔን ኳስ ወርዋሪ ኖዋን ውሰጂ አሉኝ። እሺ ጋሼ አልኳቸው።

እሺ ስል ሰማሁዎት ማለቴ ነው። አስብበታለሁ፣ አሁን ግን ደክሞኛል፣ ልሂድ ማለቴ ነው። ለእሳቸው እምቢ ማለት አልችልበትም። አገሩ ገና ግራ ሲያጋባኝ ፓርክዴል ሰፈር ለመጀመሪያዋ የኪራይ ክፍሌ ዋስ የሆኑኝ እሳቸው ናቸው።

ደግ ደጉንም ልጻፍ። መክሊት ዛሬ ቼንጅአፕ የሚባለው አወራወር ተሳካላት። እጅ በፍጥነት ይወረውራል፣ ኳሱ ግን እየተንቀረፈፈ ይመጣል፤ መቺው ቀድሞ ዱላውን ይሰነዝርና አየር ይመታል። ሁለት ሰመር ስንለፋበት የኖርነው ነገር ነው። ዛሬ የራሳችንን ትልቁን መቺ ደጋግማ አየር አስመታችው። ከዚያ ዘወር ብላ አየችኝ፣ ጥርሷ ሁሉ ታየ።

ማክሰኞ

ለጋሽ በላቸው መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም። መጀመሪያ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ቀጥሎ ባቡር ውስጥ፣ ቀጥሎ ደግሞ እራት ላይ ይሆናሉ ብዬ ተውኩት። ሰው መደወል ሲፈራ ለሌላው ሰው እራት አሳቢ ይሆናል።

ኖዋን ሳስብ ዋልኩ። ረጅም ልጅ ነው። የሚወረውረው ኳስ ያፏጫል። ግን ትከሻውን ቀድሞ ይከፍታል፣ ክርኑ ይወድቃል፣ እንዲህ ከቀጠለ ክንዱን ያመዋል። እኔ ጋ ቢሆን በኳስ ፈንታ ፎጣ አስይዤ እያስወረወርኩ አቃናው ነበር። መክሊት አጭር ናት። ኳሷ ዝግ ያለ ነው፣ ስትናደድ ደግሞ አቅጣጫው ይጠፋታል። የነገርኳትን ግን ቤቷ ወስዳ ሠርታበት ትመጣለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አሠልጣኝ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል?

ያለፈው ቅዳሜ ግን አለ። ፒቸሯ አራት ኳስ ከሳተች መቺው ሳይመታ በነፃ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ይሄዳል፤ መክሊት አንዱን ስታ ሌላውን እየሳተች ጨዋታውን በነፃ አስረከበች። ከኋላዬ የአንዱ ተጫዋቻችን አባት፣ የአገሯ ልጅ ስለሆነች ነው የማታወጣት ሲል ሰማሁት። እንድሰማው ብሎ ነው ያለው። ዞሬ አንድ ቃል አልመለስኩለትም። መክሊትም ሰምታለች።

ነገ እደውላለሁ።

ረቡዕ

ጉዴ ወጣ። አስቴር ደወለች።

አስቴር የመክሊት እናት ናት፣ ለእኔ ደግሞ ጓደኛዬ። ቅዳሜና እሑድ አረጋውያን መንከባከቢያ ስለምትሠራ ልጅቷን ወደ ሜዳ የማመላልሳት እኔ ነኝ። ለካ ጋሽ በላቸው ዛሬ ብርቱካናማ ኮፍያ ይዘው እነ አስቴር ቤት ሄደዋል። ለሊጉ ነግረው ጨርሰዋል። ልጅቷ የምታውቅ መስሏቸው እንኳን ደህና መጣሽ ብለው ኮፍያውን ሰጧት። እሷም በሁለት እጇ ተቀብላ፣ አመስግና፣ መኝታ ቤቷ ገብታ ዘጋች።

አስቴር ትጮህብኛለች ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። እሷ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው።

"ሰናይት፣ ምን አጥፍታ ነው? አስቀይማሽ ከሆነ እኔ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።"

ትሬድ የሚባለው ነገር ለእሷ መባረር ነው። ልጅ ከትምህርት ቤት ተባሮ ወላጅ አምጣ ሲባል እናቱ ነጠላዋን አጣፍታ እንደምትመጣው፣ ጓደኛዬም ስልክ ላይ ቀረበችልኝ። እስከዛሬ ስላሠለጠንሻትም እግዜር ይስጥልኝ አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እኔስ ምን አልኩ? ጋሽ በላቸው በደንብ ሳይገባቸው ቀርቶ ነው አልኩ። በሽማግሌው አላከክሁ። ምንም ሳልንተባተብ ነው ያልኩት፣ እሱ ነው የሚያሳፍረኝ።

ሐሙስ

በምሳ ሰዓት ከሥራ ወጥቼ ብሉር ጎዳና ሄድኩ። ጋሽ በላቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ምሳቸውን የሚበሉት እዚያ አንድ ምግብ ቤት ነው። ሽሮ ቀርቦላቸዋል። ካልበላሽ አልሰማሽም ብለው አጎረሱኝ፤ ክሴን የጀመርኩት አፌ ሞልቶ ነው።

ጋሼ፣ አልተግባባንም፣ እሺ ያልኩዎት ላስብበት ብዬ ነው አልኳቸው። እጃቸውን በሶፍት ጠረጉ።

"እሺ ይበልጣል ከሺ ሲባል ነው የማውቀው" አሉ። "እሺ አልሽኝ፣ እሺሽን ይዤ ሄድኩ።"

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ። ያለፈው ቅዳሜ ከጨዋታው በኋላ መጥታ የኖዋን ክርን ያመዋል ወይ፣ ልምምድ አይቀርም ወይ፣ ጠባዩስ እንዴት ነው ያለችኝ ማን ናት አሉ። ገበያ ወጥቶ የበሬ ጥርስ የሚያይ ሰው ሊገዛ ነው እንጂ ለሰላምታ ነው እንዴ አሉ። ልጁን እንደፈለግሁት አይተው፣ አፍሬ መናገር ያቃተኝ መስሏቸው፣ እሳቸው አፍ ሆኑልኝ።

እውነታቸውን ነው። ሰኞ ዕለት እዚህ ላይ የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። ደክሞኝ ነው፣ ውለታቸው ይዞኝ ነው ይላል። ውሸት ነው። ልጁን የፈለግሁት እኔ ነኝ። ያ አባት ከኋላዬ ዝም እንዲልልኝ ነው የፈለግሁት። መክሊትን አሳልፌ ስሰጥ ደግሞ የሌላ ሰው እጅ እንዲመስል ፈለግሁ። ይሉኝታ አለብኝ እያልኩ የምመጻደቅበት ነገር ሲገለጥ ፈሪነት ሆኖ ተገኘ።

እስከ ነገ ማታ ማፍረስ ይቻላል አሉኝ ጋሽ በላቸው። ግን ልጅቷን ጠይቂያት፣ እኔም አንቺም አልጠየቅናትም አሉ። የእኔንም ምሳ ከፈሉ።

ዓርብ

መክሊትን ከሕንፃቸው ጓሮ ፎጣዋን ይዛ ስትወረውር አገኘኋት። ኮፍያ አላደረገችም፣ አረንጓዴውንም ብርቱካናማውንም። ክርንሽን ከፍ አድርጊ ልላት አልኩና ተውኩት።

"ኮች፣ ትሬድ ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ ወይስ እሳቸው?"

"እኔ ነኝ።"

"ኖዋ ከእኔ ቤተር ነው ብለሽ?"

ብዙ መልስ መጣልኝ፣ ሁሉም ዙሪያ ጥምጥም። ቅዳሜ ዕለት እንደዚያ መስሎኝ ነበር አልኳት። ሰውየው ስለ አንቺ ሲናገር አፈርኩ፣ ማፈር የነበረብኝ ግን ዝም በማለቴ ነው አልኳት። ፎጣዋን አጣጠፈች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር።

"ያንቺ እሺ ቼንጅአፕ ነው" አለች። "እጅሽ አዎ ይላል፣ ኳሱ ሌላ ነው።"

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም።

ላፈርሰው እችላለሁ፣ እስከ ማታ ጊዜ አለን አልኳት። አይ፣ እሄዳለሁ አለች። ጋሽ በላቸው ፈልገውኛል፣ ኮፍያ ይዘው ቤት ድረስ መጥተዋል አለች። እኔ ፈልጌሻለሁ ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ በየትኛው አፌ ነው የምላት?

ፎቅ ወጥቼ ለአስቴር ሁሉንም ነገርኳት፣ በጋሽ በላቸው ያላከክሁትንም ጭምር። ዕቃ እያጠበች ነበር፣ ውሃውን አልዘጋችም።

"እኔኮ ይቅርታ ጠይቄሽ ነበር" አለች። ተቀመጪም አላለችኝ።

ቅዳሜ

የገጠምነው ብርቱካናማዎቹን ነው። መክሊትን ያመጧት ጋሽ በላቸው ናቸው። እኔ ባዶ መኪና እየነዳሁ መጣሁ፤ ሬዲዮ ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ኖዋ በደንብ ወረወረ። አመለ ቢስ ልጅ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ክርኑን ሳቃናለት ታንክዩ ኮች ይላል። ያ አባት አጨበጨበ። ያሰብኩት ሁሉ እንዳሰብኩት ሆነ፣ ደስታው ብቻ ቀረ።

መጨረሻው ላይ መክሊት ልትወረውር ገባች። እኛ በአንድ ነጥብ እየተመራን ነው፣ ተራው የትልቁ መቺያችን ነው። መጀመሪያ ሁለት ኳስ ሳተች። ልቤ ተሰቀለ፣ ለማን እንደተሰቀለ አላውቅም። መቺያችንን ጠርቼ ቀስ ያለው ኳስ ይመጣል፣ አትቸኩል አልኩት። ሥራዬ ነው፣ ልጁ ይህን ከእኔ ይጠብቃል። መክሊት ከመወርወሪያው ጉብታ ላይ ሆና ስነግረው አየችኝ።

ብታይም ያንኑ ወረወረችው። መቺያችን እየተነገረው አየር መታ። ሌላ ጨመረች፣ እንደገና አየር። ሦስተኛውንም ሳተ፤ ሦስቴ የሳተ መቺ ይወጣልና ጨዋታው በብርቱካናማዎቹ አሸናፊነት አለቀ።

አጨበጨብኩ። አባትየው ዞሮ አየኝ። ጎበዝ ናት፣ ባለፈውም ጎበዝ ነበረች አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። ባለፈው ሳምንት ብናገረው ኖሮ ዋጋ የነበረው ነገር ነው።

ልጆቹ እጅ ተጨባብጠው ሲያበቁ ጠጋ ብዬ፣ እንደ ወትሮው ላድርስሽ ወይ አልኳት። ሁልጊዜ መልሷ ኦኬ ነው። ዛሬ "እሺ" አለችኝና ኳስ ወደሚለቅሙት ብርቱካናማዎች ሮጠች።

ይኸው መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ይህን እጽፋለሁ። የትኛው እሺ እንደሆነ አላወቅሁም። ጋሽ በላቸው ከረጢታቸውን ጭነው ጨርሰዋል፣ የመኪናቸው በር ክፍት ነው። መክሊት መሐል ሜዳ ቁጭ ብላ ከጫማዋ አሸዋ ታራግፋለች። እኔም እጄን ዘርግቼ በወዲያ በኩል ያለውን፣ እሷ የምትገባበትን በር ከፈትኩት።